ጥማድ በሬ ያወጣ ሽጉጥ

አያ ገደፋው ሽጉጣቸውን የደበቁት ንብ ያለበት ቀፎ ውስጥ ነበር።

ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ «መሣሪያ ያለህ አስረክብ» ማለት ከጀመረ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ደብቆ የተገኘ ሰው ቤቱ ይቃጠላል። ያኔ ሰው ያልደበቀበት ቦታ አልነበረም፤ ጎተራ ውስጥ፣ ምድጃ ሥር፣ በረት ውስጥ ፋንድያ ለብሶ። የሚፈትሸው ባንዳ ግን እሱም የባላገር ልጅ ነውና ጎተራውንም ምድጃውንም ያውቀዋል። አያ ገደፋው «ባንዳ አገሩን ይሰጣል እንጂ እጁን ለንብ አይሰጥም» አሉና ጓሯቸው ካለው ዋንዛ ላይ ከሰቀሏቸው አራት ቀፎዎች ባንደኛው ከተው አፉን በጭቃ መረጉት። ብልሃቱስ ደግ ነበር። ማስገባቱን እንጂ ማውጣቱን አላሰቡበትም።

ኅዳር በገባ በሦስተኛው ቀን ደጄ ላይ ቆመው ተጣሩ።

«ቻይኔ! ነይ እስቲ ያንን ዕቃ አውጪልኝ።»

«የቱን ዕቃ?»

«ዕቃውን ነዋ!»

በዚያን ጊዜ ሽጉጥ በስሙ አይጠራም።

«አንቱስ ለምን አያወጡትም?»

«እኔማ ሰማንያ ዓመቴ ነው። ንብ ቢነድፈኝ እሞታለሁ።»

«እኔስ ብነደፍ?»

«አንቺን ከነደፈሽማ የሚሞተው ንቡ ነው።»

እንዲህ ናቸው። ሰውን እየሰደቡ ሥራ ያዛሉ፤ የታዘዘውም እየሳቀ ይሄዳል። ኩበት አጭሼ፣ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጠምጥሜ ወጣሁ። ሦስት ቦታ ተነደፍኩ፤ አንደኛው ከንፈሬ ላይ ነው። ሽጉጡ ከነጨርቁ በሰም ተለስኖ ወጣ። አያ ገደፋው ከዛፉ ሥር ሆነው «ቀስ በዪ! ቀስ በዪ!» ይላሉ። ለእኔ መስሎኝ ነበር፤ ለሽጉጡ ኖሯል።

ከአያ ገደፋው ጋር ወዳጅ የሆንነው በባሌ በላቀው ጊዜ ነው። እኔ የባለርስት ገበሬ ልጅ ነኝ፤ ላቀው ግን ብር ሠሪ ነበር። አባቴ እንቢ አለ፣ እኔም እንቢ አልኩ፣ የእኔ እንቢታ በለጠና አገባሁት። «ቻይነሽ ቡዳ አገባች» ተባለ። ዘመዶቼ ሰላም ሊሉኝ ሲመጡ እንኳ ከቤቴ ውኃ አይቀምሱም ነበር። አንድ ቀን አያ ገደፋው የሽጉጣቸው ምላጭ ላልቶባቸው ሊያሠሩ መጡ። ምሳ ሰዓት ነበርና ለወጉ ያህል «እንብላ» አልኳቸው። ቁጭ አሉና ገበታውን ጠርገው በሉ። ሲጨርሱ ጣታቸውን እየላሱ «የቡዳ ሽሮ እንዲህ ከሆነ እኔንም ቡዳ ያርገኝ» አሉ። ላቀው ወናፉን ትቶ ሳቀ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነን። ላቀው ከሞተ በኋላም ቢሆን እሑድ እሑድ ከቤቴ ሳይበሉ ቀርተው አያውቁም።

ታሪኩን እንግዴህ ልንገራችሁ። አያ ገደፋው ልጆቻቸውን ሁሉ ያኔ የኅዳር በሽታ ፈጅቶባቸው የቀራቸው አንድ የልጅ ልጅ ነው፤ ዘሩ ይባላል። በሽታው ሲገባ ጡት አልጣለም ነበር። በላም ወተት፣ በጎረቤት ጡት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ባለፈው ሰኔ ይኼ ልጅ ሙጬ ከሚባል የሰፈራችን ገበሬ ታናሽ ወንድም፣ ከአድማሴ ጋር በእርሻ ወሰን ተጣላና በዱላ መታው። አንዴ ነው የመታው። አድማሴ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሁለት ሕፃናት ነበሩት። ዘሩ ወደ ዓባይ በረሃ ሸሸ።

ዳኛ የት አለና? ያለው የጣሊያን ነው፤ ወደዚያ የሄደ ሰው ደግሞ ከባንዳ አይለይም። ስለዚህ የሰፈራችን ቄስ አባ ክንፈሚካኤል ሽማግሌ ሰብስበው ጉማውን ቆረጡ፤ ለሟች ቤተሰብ የደም ካሳ ስምንት ከብት። እስከ ኅዳር ሚካኤል ተከፍሎ ካለቀ ደሙ ይደርቃል፣ ዘሩ ቤቱ ይገባል። ካላለቀ ሽምግልናው ይፈርሳል፤ ሙጬም ዘሩን ባገኘበት ቢገድለው የሚከሰው የለም።

አያ ገደፋው ሦስት ላም፣ ሁለት ጊደር፣ አንዲት በቅሎ ሰጡ። የቀረው ጥማድ በሬ ነው። ጥማዳቸውን ግን ክረምት ላይ የቡሬ ጦር ለሥጋ ነድቶባቸዋል። ስለዚህ «በጥማድ በሬው ፈንታ ሽጉጤን እሰጣለሁ» አሉ። ሙጬም «ያወጣ ከሆነ ይገመትና እናያለን» አለ።

መገመቱ ነው ችግሩ። በእኛ አገር ለጉማ የሚሰጥን ዕቃ የሚገምት ሰው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ይምላል። ከማለ በኋላም ነገሩ አያልቅም። ተቀባዩ ግምቱ በዛብኝ ካለ ገማቹን «እንግዲያው አንተው ውሰድና ያልከውን ከብት ስጠኝ» ሊለው ይችላል፤ ገማቹም መስጠት አለበት። ለወዳጁ ብሎ አፉን የሚከፍት ሰው እንዳይኖር ነው ደንቡ። ከእኔ በፊት ሁለት ወንዶች ተጠይቀው ነበር። አንደኛው ወገቡን አመመው፤ ሁለተኛው ፈረስ ቤት ከተማ ድረስ የሚያስኬድ የዘመድ ተዝካር ትዝ አለው።

እኔ ከሁለቱም ወገን ሥጋ የለኝም። ብርም አውቃለሁ፤ ዕድሜዬን ወናፍ ስነፋ የኖርኩ ነኝ። እኔን የጠራ ሙጬ ራሱ ነው። «የአንጥረኛ ሚስት ብር አትሳሳትም» አለ።

ሽጉጡን ከቤቴ ወሰድኩና በር ዘግቼ በሞቀ ውኃ ሰሙን አቀለጥኩት። አያ ገደፋው መደቡ ላይ ቁጭ ብለው ታሪኩን ይጀምራሉ። መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። በጎረምሳነታቸው ፈጣም ወንዝ ሞልቶ አንድ የውጭ አገር ነጋዴ ከነበቅሎው ሲወስደው ዘለው ገብተው አወጡት፤ እሱም ከወገቡ ፈትቶ ሰጣቸው።

«ወንዙ ከዚህ እስከዚያ ዋርካ ድረስ ነበር ስፋቱ።»

«ባለፈው እስከ ሸንበቆው ድረስ ነው ያሉኝ።»

«ባለፈው ሳምንት ዝናብ አልነበረማ።»

ሽጉጡ ስድስት ጎራሽ ነው። አፈሙዙም ጎኑም በሙሉ ተቀርጿል፤ የዳዊት መጽሐፍ ላይ እንደሚሳለው ሐረግ ቅጠሉ ከቅጠሉ ይጠላለፋል። ሠሪው ማንም ይሁን ማን እጁን ይባርከውና ባለሙያ ነበር። ላቀው ራሱ ያን ቀን አገላብጦ አይቶት «ይኼንን እኔ ልሠራ አልችልም» ብሎኛል። ላቀው ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ አይወጣውም ነበር።

ሰሙ ሲለቅ ግን ደነገጥኩ። ወደ በሩ ስንጥቅ ወስጄ በብርሃን አየሁት። ብሩ የለም። ድሮስ ሁለንተናው ብር አልነበረም፤ ብረት ሆኖ ላዩ በብር የተለበጠ ነው። ለበጣው አሁን የቀረው በቅጠሎቹ ስርጉድ ውስጥና እጀታው ሥር፣ ጣት በማይደርስበት ብቻ ነው። ሌላው ባዶ ብረት። ቅርጹም ተልጦ ተልጦ ግማሹ በጣት እንጂ በዓይን አይገኝም።

«አያ ገደፋው፣ በምንድን ነው የሚያጸዱት?»

«በአመድና በሎሚ ነዋ! በየዓመቱ ለፋሲካ። ስድሳ ዓመት አንድ ፋሲካ አላጓደልኩም። መጀመሪያማ ጠቆር ያለ ነበር፤ እኔ ነኝ እየፈተግሁ ያነጣሁት።»

ምን ልበል? የብር ዋንጫ በአመድና በሎሚ ይጸዳል ብሎ ያልሰማ የለም። ዋንጫው ግን እስከ ሆዱ ብር ነው። እኚህ ሰው ስድሳ ዓመት ሙሉ ሀብታቸውን በፍቅር ፈትገው ፈትገው ጨረሱት።

«ይኼስ ውሻ ምንድን ነው?» አልኩ ጎኑን እያሳየሁ።

«ውሻ? አንበሳ ነው እንጂ!»

«ጎፈር የለውም እኮ።»

ጠጋ ብለው አዩ። «በፊት ነበረው» አሉ።

እጀታውን የዝሆን ጥርስ ይሉት ነበር፤ የከብት አጥንት ነው፤ ለዚያውም ተሰንጥቋል። ጥይቱ ሦስት። በጨርቅ ቋጥረው የያዙት ነው፤ አንዱ አረንጓዴ ሆኗል።

«ይተኩሳሉ እነዚህ?»

«እኔ ምን አውቄ? ሞክሬ ከጨረስኳቸው ምን ይቀረኛል?»

እንግዴህ እውነቱን ከተናገርኩ፣ ያ ሽጉጥ በደኅና ዘመን ሁለት ጉንዶ ማር ቢያወጣ ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ ማንም በነጻ አይወስደውም፤ የያዘው ሰው ቤት ይቃጠልበታላ።

«ዛዲያስ? ስንት ያወጣል?» አሉኝ ጢማቸውን እየዳበሱ። «ስድስት በሬ ብትዪ አይገርመኝም።»

«ምዬ የምናገረውን ነገር ሳልምል አልናገርም።»

«ልክ ነሽ፤ ደንብ ነው» አሉና ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ሳቁን ተዉት። «ቻይኔ፣ ዘሩን አንዴ ባየው ነው። በረሃው ወባ አለው። ሳላየው እንዳልሄድ ነው የምፈራ» አሉና ምርኩዛቸውን ፈልገው ወጡ። ምርኩዙ እጃቸው ላይ ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በሬዎቼን ውኃ ላጠጣ ወረድኩ። ሁለት ናቸው፤ ዳልቻና ቀዮ። ከእነሱ ሌላ ያለኝ አንዲት አህያ ናት። ባል የሌላት ሴት በሬ ካላት ሰው ይለምናታል፤ በሬ ከሌላት ሰው ትለምናለች። እኔ ደግሞ መለመን አልችልበትም። ዳልቻ እየጠጣ ቀና ብሎ አየኝ፤ አፉ ይንጠባጠባል። ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩና አሰብኩ።

ሁለት ጉንዶ ማር ብል እውነት ነው። ዘሩ ግን ይሞታል፤ ሽማግሌውም ይከተሉታል። ጥማድ በሬ ብል ደግሞ በሚካኤል ስም በሐሰት መማል ነው። ይኼን ሳገላብጥ ቆየሁና አንድ ነገር መጣልኝ። የዕቃ ዋጋ ማለት ምንድን ነው? ላቀው ለአምባር ዋጋ ሲጠየቅ «የሚሰጠው ሰው ካለ ያወጣል፤ ከሌለ አያወጣም» ይል ነበር። ዛዲያ ለዚህ ሽጉጥ ጥማድ በሬ የሚሰጥ ሰው ካለ አወጣ ማለት ነው። ሰውየው ማን ይሁን ብሎ የሚጠይቅ ደንብ የለም።

ሙጬ ሽጉጡን ዝም ብሎ ቢወስደው ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም። እንደማይወስደው ግን ልቤ ያውቀዋል። ዳልቻን ጆሮው ሥር አከክሁለትና ወደ ቤት ነዳኋቸው። በመንገድ ላይ አላየኋቸውም።

ኅዳር ሚካኤል ቅዳሴ ሲያልቅ ሰንበቴ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰብን። የበዓል ቀን ሕዝብ ቢሰበሰብ ባንዳ አይጠረጥርም። ሽጉጡን ያመጣሁት በአገልግል ነው፤ ላዩ ላይ ዳቦ አድርጌበታለሁ። ስገባ አንድ ሽማግሌ «ቻይነሽ ዛሬ ምን ይዘሽልን መጣሽ?» ብሎ እጁን ሊሰድ ሲል አባ ክንፈሚካኤል በመስቀላቸው መታ አደረጉት።

ሙጬ ከግድግዳው ሥር ተቀምጧል። ራሱን ተላጭቶ፣ ጥቁር ለብሶ። ክፉ ሰው አይደለም። ወንድሙን ቀብሮ የወንድሙን ልጆች የሚያበላ ሰው ነው። አያ ገደፋው ከፊት ለፊቱ አገጫቸውን ምርኩዛቸው ላይ አድርገው፣ አዲስ ጋቢ ለብሰው፣ ልጃቸውን የሚድሩ መስለው ተቀምጠዋል።

አባ ክንፈሚካኤል አስማሉኝ። «ይኼ ዕቃ የሚያወጣውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እናገራለሁ» አልኩ። ከዚያ ዳቦውን አነሣሁና ሽጉጡን አወጣሁ።

«ስንት ያወጣል፣ ልጄ?»

«ጥማድ በሬ።»

 አያ ገደፋው ቀና አሉ። ፊታቸውን አየሁት፤ የደስታ አይደለም፣ ቅር ያላቸው ሰው ፊት ነው። ምን ሆኑ ብዬ ለመጠየቅ ግን ጊዜ አልነበረም፤ ሙጬ ሽጉጡን ተቀብሎ እያገላበጠ ነው።

«ይኼ?» አለ።

«ይኼ።»

«ቻይነሽ፣ ብር አትሳሳትም ብዬ ነበር የጠራሁሽ። ብሩ የታለ?»

«ብሩን ብቻ አይደለም የገመትኩት።»

«ሌላ ምን አለው? ጥይቱ ሦስት ነው። ይኼንን ይዤ ልረስ? የአድማሴ ልጆች ብረት ይቆርጥሙ? ባንዳ መጥቶ ቤቴን ቢያቃጥለውስ ቻይነሽ ታስገባኛለች?»

«የተጠየቅሁትን ተናገርኩ።»

«እንግዲያው ደንቡ ያለውን እላለሁ።» ሽጉጡን መሬት ላይ አኖረና ወደ እኔ ገፋው። «አንቺው ውሰጂው። በሬዎቹን ስጪኝ።»

አባ ክንፈሚካኤል ጎንበስ ብለው በለሆሳስ አናገሩኝ። «ቻይነሽ፣ ሰው ይሳሳታል። ግምትሽን ዝቅ አድርጊና እንነሣ። ማንም አይቀየምሽም። ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ፤ በምን ታርሻለሽ?»

እውነታቸውን ነው። ዝቅ ማድረግ እችል ነበር። አፌም ተከፍቶ ነበር። ግን አያ ገደፋውን አየኋቸው። ዓይናቸው በሩ ላይ ነው፤ ዘሩ በዚያ በር የሚገባ ይመስል።

«ዝቅ አላደርግም፣ አባ» አልኩ ጮክ ብዬ። «ጥማድ በሬ ያወጣል ብያለሁ፣ ያወጣል። ዳልቻና ቀዮ በረት ናቸው። ሙጬ፣ ዛሬውኑ መጥተህ ንዳ። ቀዮ ግራ ቀንበር ነው የለመደው፤ ቀኝ ብትጠምደው ይተኛብሃል።»

ሙጬ የሚናገረው ያለው ሰው ይመስል ነበር፤ ግን «ግራ» ብሎ ብቻ ራሱን ነቀነቀ።

ሽጉጡን አነሣሁና ወደ አገልግሌ መለስኩት። ያን ጊዜ ነው አያ ገደፋው አጠገባቸው ወዳለው ሽማግሌ ዘንበል ብለው፣ በሹክሹክታ ብለው ነገር ግን ጆሮ የደከመ ሰው ሹክሹክታ ስለሆነ ቤቱ ሁሉ እየሰማ፣ «አየህልኝ? ብር የምታውቅ ሴት እንዲህ ናት። በጥማድ በሬ ነጠቀችኝ» ያሉት።

በሳምንቱ ዘሩ ከበረሃ ወጣ። እንደ ደንቡ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ ባዶ እግሩን፣ ከሙጬ ደጅ ድረስ ተጎንብሶ ሄደ። ሙጬ ረጅም ጊዜ አቆመው። ከዚያ ድንጋዩን በገዛ እጁ አወረደለትና ወደ ቤት ገብቶ አለቀሰ። ሲያለቅስ ውጭ ድረስ ይሰማ ነበር። አብረው ቀመሱ፣ ደሙ ደረቀ። ዘሩ በወባ ከስቶ ሸንበቆ አክሏል። አያ ገደፋው ግንባሩን፣ ጆሮውን፣ ትከሻውን እየዳበሱ «ቀጥነሃል፣ አልበላህም፣ ቀጥነሃል» ሲሉ ዋሉ።

እሑድ መጣ፤ አያ ገደፋው ግን አልመጡም። ሁለተኛው እሑድም ቀሩ። በሦስተኛው ታመው ይሆናል ብዬ ሄድኩ። ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ናቸው።

«ምነው ቀሩብኝ?»

«እሑድ የሚመጣ ከወዳጅ ቤት ነው።»

«እኔስ ምንድን ነኝ?»

«አንቺማ ነጋዴ ነሽ።» ፊታቸውን አዞሩ። «ሰው በጨነቀው ቀን ስድስት በሬ የሚያወጣ ዕቃ በሁለት ይወስዳሉ? ባላውቅሽ አይከፋኝም። ሽሮሽን ሃያ ሁለት ዓመት በልቼ!»

ምላሴን ነከስኩ። ልነግራቸው ነበር። ያንን የተላጠ ብረት ፊታቸው ላይ አድርጌ «ይኸው አንበሳዎ!» ልል ምንም አልቀረኝም። ደግሞ አሰብኩት። ቢያውቁ በዚህ ዕድሜያቸው የእኔን ጥማድ በሬ ዕዳ ተሸክመው ሊኖሩ ነው። ከቤቴ የሚበሉት እህል አንገታቸው ላይ ይቆም ነበር። አሁን ግን ባለ ዕዳዋ እኔ ነኝ። እኔ ልሸከመው፤ ትከሻዬ ደኅና ነው።

«ንግድ ነው፣ አያ ገደፋው» አልኳቸው። «ቀደም ብለው ቢነቁ ኖሮ!»

«ወይ አንቺ የብር ቡዳ!» አሉ። በሚቀጥለው እሑድ መጡ። «ለአንቺ ብዬ አይደለም፤ ዕቃዬን ላየው ነው» አሉና ሁለት ጊዜ አስጨምረው በሉ።

ሽጉጡን የደበቅሁት በላቀው ወናፍ ሆድ ውስጥ ነበር። በጥር ወር ባንዳዎች መጥተው ቤቱን ሲያገላብጡ አያ ገደፋው ገበታ ላይ ነበሩ። አንደኛው ወናፉ ጋ ደረሰና «ይኼ ምንድን ነው?» አለ።

«የባሌ ወናፍ ነው፤ ብር ሠሪ ነበር።»

ልጁ እጁን ሰበሰበ። አያ ገደፋው እያኘኩ «ንካው፣ ልጄ፣ አትፍራ» አሉት። «እኔ ሃያ ዓመት ነክቼዋለሁ። ምንም አላደረገኝም፤ ሆዴን ብቻ ሌሊት ሌሊት አንድ ነገር ይበላኛል።»

ወጥተው ሄዱ። እኔ በሩን ዘጋሁ። እሳቸው «ወጡ ጨው ያንሰዋል» አሉኝ።

እርሻው ግን ከበደኝ። ሜዳውን ለሌላ ሰው በእኩል ሰጠሁ። ጓሮውን ዘሩ እየመጣ በዶማ ቆፈረልኝ። አንድ ቀን እየቆፈረ ቀና ሳይል እንዲህ አለ።

«እትዬ ቻይነሽ፣ እኔ ያን ሽጉጥ በልጅነቴ አይቼዋለሁ።»

«አይተህስ?»

«ሎሚውን የማመጣላቸው እኔ ነበርኩ። ጨርቁ ላይ የሚቀረውን ነጭ ነገር አውቀዋለሁ።»

ዙሪያዬን አየሁ። 

«ለአያትህ ነገርክ?»

«አልነገርኩም።»

«እንግዲያው ቆፍር።»

ቆፈረ። ሰብል እንደተሰበሰበ ወደ ባንጃ ሄዶ አንድ የአገው ባለጸጋ ቤት ገባ። ዓመት አገለገለ።

ዓመቱ ሲሞላ አንድ ጠዋት ከደጄ ጩኸት ሰማሁ። አያ ገደፋው ናቸው፤ ከኋላቸው ዘሩ ላገለገለበት የተከፈለውን ወይፈን ይጎትታል። ጥቁር ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው፣ ትከሻው እንደ ጉልላት የቆመ። ዓይኔ ከእሱ አልነቀል አለኝ። ከማንም ጋር አቀናጅቼው ማረስ እችላለሁ። ልቤ እስኪያመኝ ፈለግሁት።

«ቻይነሽ! ዕቃዬን ልገዛ መጣሁ» አሉ አያ ገደፋው።

«በስንት?»

«ዓይን የለሽም? በዚህ!»

ዘሩን አየሁት። መሬት መሬት ያያል። ነገሩ የማን ብልሃት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ልቀበል ነበር፤ እጄም ወደ ገመዱ ሄዶ ነበር። ግን ሽጉጡ በአንድ ወይፈን ከሄደ ጥማድ በሬ አላወጣም ማለት ነው። ሽማግሌው ዛሬ ባይገባቸው ነገ ሲያሰሉት ይደርሱበታል። ደግሞስ እኔ ሚካኤል ደጅ ምያለሁ።

«አያ ገደፋው፣ የዕቃው ዋጋ ጥማድ ነው። ይኼ አንድ ነው።»

«ወይፈን እኮ ነው! ያንቺ ቀዮ ሽማግሌ ነበር!»

«ቢሆንም ሁለት ነበሩ።»

«ለእኔም? ለወዳጅሽም አትቀንሺም?»

«ለእናቴም አልቀንስም። ወይፈኑን ግማሽ ዋጋ ብዬ እይዘዋለሁ። ሁለተኛው እስኪመጣ ዕቃው ከእኔ ዘንድ ይቆያል።»

 ተቆጡ ብዬ ነበር። ከዚያ ጥርስ የሌለው አፋቸው ተከፈተና ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱ።

«ሰማህ፣ ዘሩ? አንዲት ጭራ አልቀነሰችም! ብር የምታውቅ ሴት፣ ዕቃው እጇ ላይ ሁለት ዓመት ከረመ፣ አንዲት ጭራ አልቀነሰችም! ያኔስ ስድስት ነው አላልኩህም?»

«ብለውኛል፣ አባባ» አለ ዘሩ። ፊቱን ወደ ወይፈኑ አዙሮ ነው የመለሰው።

«እሺ፣ ተስማማሁ። ግን እወቂው፤ ገና ቀንበር አልለመደም። አልተገራም።»

«እኔስ መቼ ተገራሁ?»

«እሱስ ልክ ነሽ» አሉ። «ላቀው ነፍሱን ይማረውና፣ ሞክሮ ነው የሞተው።»

ገመዱን ተቀበልኩ። ወይፈኑ ግን በረቱ በር ላይ ሲደርስ አራት እግሩን ተክሎ አልገባም አለ። እኔ ከፊት ሳብሁ፣ ዘሩ ከኋላ ገፋ፤ አያ ገደፋው ከጎን ቆመው፣ ምርኩዛቸውን እያወዛወዙ፣ ለሦስታችንም ትእዛዝ ይሰጡ ጀመር።